የጎዳና ሥጋትና የሳን ፍራንሲስኮ የአልጋ ገበያ

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያቀና እንግዳ አልጋ ከመያዙ በፊት የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ የሆቴሉ አካባቢ ለደኅንነት ያመች እንደሆነም ያጣራል። ትላልቆቹ ሆቴሎች የተሰባሰቡበት ዩኒየን ስኩዌር፣ የጎዳና ተዳዳሪዎች ከሚበዙበት ከቴንደርሎይን ሰፈር ጋር የተጎራበተ ነው።

ሥጋቱ ገበያውን ነክቶታል። ኦራክል የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ትልቁን ዓመታዊ ጉባኤውን ወደ ላስ ቬጋስ ለማዛወር ሲወስን፣ በከተማዋ የቱሪዝም ማኅበር በኩል የተገለጹት ምክንያቶች የአልጋ ዋጋ መወደድና የጎዳናዎቹ ሁኔታ ነበሩ። በ2023 ደግሞ ፓርክ ሆቴልስ በዚሁ አካባቢ በሚገኙ ሁለት ሆቴሎቹ ላይ ያለበትን የ725 ሚሊዮን ዶላር ብድር መክፈል አቆመ። ኩባንያው ከጎዳናው ሁኔታ ሌላ የቢሮዎችን ባዶ መቅረትና የጉባኤዎችን መቀነስ ጠቅሷል።

በ2024 ቆጠራ ከ8 ሺሕ በላይ ቤት አልባዎች በከተማዋ ተመዝግበዋል። ከመንስኤዎቹ አንዱ የቤት ኪራይ ውድነት ነው። ቤት አጥቶ ደጅ ያደረ ሁሉ ግን ሌባ አይደለም። እንግዳን በብዛት የሚያጋጥመው ኪሳራ መስተዋት ተሰብሮ ከመኪና ውስጥ የሚወሰድ ሻንጣ በመሆኑ፣ የተከራዩትን መኪና ባዶ አድርጎ ማቆም ይበጃል።