የነቀርሳ ሕመምተኛ በሕክምና ላይ ሳለ ምን ይብላ?

በአገራችን በሽተኛ ሲጠየቅ ባዶ እጅን መሄድ ነውር ነው። ጠያቂው ብርቱካኑንና ሙዙን አንጠልጥሎ ይገባል፤ ባልቴቶቹ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ፤ በራስጌ ያለችው ጠረጴዛ ከአንድ ሰዓት በኋላ የአትክልት ተራ መደብ ትመስላለች። ሕመምተኛው ግን አንዱንም ሳይቀምስ ይውላል። በተለይ ሕመሙ ነቀርሳ፣ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ ካንሰር የሚባለው፣ በሆነ ጊዜና መድኃኒቱ ወይም ጨረሩ ሲጀመር፣ ሰውየውና ምግብ ይኳረፋሉ። ቤተሰቡም ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «በሞቴ» እያለ በጉርሻ ያስጨንቀዋል፣ ወይ ደግሞ «ሕመሙ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ይተወዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አይበጁም።

ይህንን ጉዳይ ለወጣት አንባቢዎቻችን ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። እናቱን ወይም አጎቱን ከገጠር አምጥቶ ወረፋ የሚይዘው፣ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት በቤት ውስጥ የሚያነበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ወይም ገና ሥራ የያዘው ልጅ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሌላ ስላልነበረ ሕመምተኞች ከየጠቅላይ ግዛቱ ማዕዘን እየመጡ በዘመድ ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ለሳምንታት ይሰነብቱ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭም ቢከፈት፣ ከሩቅ አገር መጥቶ በሰው ቤት መሰንበቱ አልቀረም። ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ቀንና ሌሊት የሚያልፈው ድስት በሚጣድበት ቤት ነው።

ሰውነቱ የሚከሳበትን ምክንያት እንመልከት። ለነቀርሳ የሚሰጡት ብዙዎቹ መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚራቡትን ሕዋሳት ያጠቃሉ። ነቀርሳው ቶሎ ይራባል፤ ነገር ግን የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ የጠጕር ሥር፣ ደም የሚፈጠርበት መቅኔም እንዲሁ ቶሎ የሚራቡ ናቸው። ስለዚህ አፍ ይቆስላል፣ ሆድ ይገለበጣል፣ ጠጕር ይረግፋል፣ በሽታን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል። ሕመሙ ራሱም የምግብን ፍላጎት ይዘጋል። ምግብ ያልገባለት ሰውነት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ይመገባል። ጡንቻው ያለቀበት ሰው መድኃኒቱን መሸከም ያቅተዋል፤ ሐኪሙም መጠኑን ይቀንሳል ወይም ቀጠሮውን ያራዝማል። በአንገቱ ላይ ጨረር የሚሰጠው ሰው ሲከሳ፣ ፊቱን አጥብቆ እንዲይዝ በልኩ የተሠራለት ጭምብል ይሰፋበትና እንደገና እስኪሠራ ሊጠብቅ ይችላል።

ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት መድኃኒት የጀመሩ 3,047 የነቀርሳ ሕመምተኞችን መርምሮ ነበር። ሕክምናው ሳይጀመር በፊት ከስተው የተገኙት፣ በአብዛኞቹ የነቀርሳ ዓይነቶች፣ ካልከሱት ያነሰ ዕድሜ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰውም ሳይቀር የሚያምንበት አንድ ወሬ አለ፤ «ስኳር ነቀርሳን ይመግባል፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ማስራብ ነቀርሳውን ማስራብ ነው» ይባላል። ሥሩ ፍጹም ሐሰት አይደለም። ኦቶ ዋርበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ የነቀርሳ ሕዋስ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ ስኳር እንደሚፈጅ ደርሶበታል። ሆኖም ሰውየው ስኳር ባይቀምስ ጉበቱ ከጡንቻው እያወጣ ስኳር ይሠራል። በረኃብ አስቀድሞ የሚወድቀው ሕመምተኛው እንጂ ነቀርሳው አይደለም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የሐኪሙን ትእዛዝ መጠበቁ ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይብላ? የአውሮፓ የምግብ ሕክምና ሊቃውንት ያወጡት መመሪያ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ገንቢው ንጥረ ነገር ማለት ፕሮቲን ደግሞ ቢያንስ 1 ግራም፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.2 ግራሙን ብንይዝ 72 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው። እንግዲህ በዚያ በተወደደው አጥሚት ላይ ያለን ቅሬታ ከዚህ የተነሣ ነው። በውኃ የቀጠነ አጥሚት ሆድን ይሞላል እንጂ አይገነባም። በወተት ይሠራ፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመርበት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ነው። የቡላ ገንፎ፣ በሶ በማር፣ የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ እንዲህ ያለው በትንሽ ጉርሻ ብዙ ኃይል የያዘ ምግብ ይመረጣል። ሦስት ጊዜ ሙሉ ሳህን ከማቅረብ ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ በትንሽ ሳህን ማቅረብ ይሻላል። ጉርሻም በፍቅር አንድ ጊዜ መልካም ነው፤ ሦስተኛው ግን ሕመምተኛውን በሰው ፊት ማሳፈር ነው።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይከብዳል፤ ብዙ እናቶች በሕክምናቸው መካከል ሑዳዴን ይጾማሉ። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በእስልምና የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ ልጆቻቸው ከመከራከር ይልቅ የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኩን ቢያነጋግሩ ይቀናቸዋል። አሁንም እምቢ ካሉ ሽሮው፣ የምስር አልጫው፣ የሱፍ ፍትፍቱና ለውዙ በዘይት ይደጎሙ፤ የጾም ገበታ ገንቢ ምግብ የለውም ማለት አይደለም።

አፉ ለቆሰለ ሰው በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚና የሚያቃጥል ትኩስ ነገር ይቅርበት። በአንድ ሊትር የፈላ ቀዝቃዛ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ መጉመጥመጥ ይጠቅመዋል። አፉን ብረት ብረት የሚለው ከሆነ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ ይሰጠው። የቁሌት ሽታ ለሚያቅለሸልሸው ወጡ ራቅ ብሎ ይሠራ፤ ምግቡም ቀዝቀዝ ብሎ ቢቀርብ ሽታው ይቀንሳል። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የጉሮሮ ቧንቧ ነቀርሳ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እንጀራውም ውኃውም አላልፍ ሲል በቤት ብልኃት የሚፈታ አይደለምና፣ ቧንቧውን የሚያሰፋ ወይም ምግብን በቱቦ የሚያስገባ ሐኪም ያስፈልገዋል። ቱቦ ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፤ እኛ ግን ተስፋ የመቁረጥ ምልክት አድርገን አናየውም።

ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልተፈላ ወተትና ከእርሱ የረጋ እርጎ፣ ያልበሰለ እንቁላል፣ በሚገባ ያልታጠበ ሰላጣ በዚህ ወራት ክልክል ናቸው። ጤነኛው በቀላሉ የሚያሸንፈው ተሕዋስ ነጭ የደም ሕዋሱ የቀነሰበትን ሰው ሊገድለው ይችላል። ጎረቤት «ፍቱን ነው» ብሎ የሚያመጣው ሥር ወይም ቅጠልም ሐኪሙ ሳያውቀው አይሰጥ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጣላ ወይም ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ግን በየቤቱ ቢኖር እንወዳለን። ሕመምተኛው በሳምንት አንድ ቀን፣ ጧት፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘን፤ ቁጥሩ፣ የበላውና ያስመለሰው ይጻፍ፤ ደብተሩ በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ፊት ይዘርጋ። 60 ኪሎ የነበረው 57 ሲገባ፣ ገና ያልከሳ ቢመስልም፣ ነገሩ ለሐኪሙ ይነገር እንጂ ቀጠሮ አይጠበቅ። አንድ ሙሉ ቀን ምግብም መጠጥም አልረጋ ካለው ግን በዚያው ቀን ይሂድ፤ ትኩሳቱም 38 ዲግሪ ከደረሰ እኩለ ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አይቆይ።