የእንጀራ ሻጯ ፌስታል ስንት ይመዝናል?

እንጀራ ጋግረው ለሱቆችና ለመንገደኛ የሚሸጡ አንዲት ጎረቤቴ ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ስለሚከለክል፣ ከእንግዲህ እንጀራውን በምን ይሽጡት? እኔም ሳላመነታ «በወረቀት ይሁን» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ርሶ በመቀደዱ የአንድ ደንበኛ እንጀራ መንገድ ላይ መውደቁን ነገሩኝ። ከመናገር በፊት መለካት እንደሚገባ ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግረውን ራሴ ዘንግቼው ነበር።

እስቲ አሁን እናስላው። ወርዱ 30፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፌስታል ሁለት ገጽ ስላለው ጠቅላላ ስፋቱ 2,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱን 0.03 ሚሊ ሜትር ብንወስድ ይዘቱ 7.2 ኩብ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ በኩብ ሴንቲ ሜትር 0.95 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ አንዱ ፌስታል 7 ግራም ገደማ ነው። በቀን 100 ፌስታል፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢታሰብ ከሁለት ኩንታል በላይ ይሆናል፤ ያውም ከአንዲት ጋጋሪ ቤት!

0.03 ሚሊ ሜትርን ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ለስስ ፌስታሎች የወሰነው ልክ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ፌስታል አንድ ጊዜ ብቻ ካገለገለ የፕላስቲኩ መጠን በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሊከታተለው የሚገባው የፌስታሉን ብዛት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ግራም ፕላስቲክ ስንት ጊዜ እንዳገለገለ ነው።

በእንጀራ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእንፋሎት የተሞላ አንድ ሜትር ኩብ አየር 130 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ግን 17 ግራም ገደማ ብቻ። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ሲታሰር ትርፉ እንፋሎት በፕላስቲኩ ገጽ ላይ ጠብታ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ሻጋታም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በአንጻሩ ክፍት የተተወ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ ፌስታልን ተወዳጅ ያደረገውም ይህ እንጂ የነጋዴው ስንፍና አይደለም።

ጎረቤቴ አሁን እንጀራውን በሰፌድ ላይ በሚገባ ያቀዘቅዙታል። ለሱቆች የሚያደርሱት ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። «ይህስ ፕላስቲክ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ነው። ነገር ግን 1.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ የ200 ፌስታል ክብደት አለው፤ በአንድ ጉዞ የ20 ፌስታልን ሥራ ቢሠራ በዐሥረኛው ጉዞ ዕዳውን ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ባለ ሱቆቹም ባዶውን መመለስ አልከበዳቸውም፤ የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ከነሳጥኑ ሲመልሱ የኖሩ ናቸውና።

ያስቸገረው ከሥራ ሲመለስ ሁለት እንጀራ ገዝቶ የሚሄደው መንገደኛ ነው። ዕቃ ይዞ አይመጣም። ጎረቤቴ አነስተኛ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ገዝተው በመያዣ ገንዘብ መስጠት ጀምረዋል፤ መያዣው ከፍ ሲል ደንበኛው ይሸሻል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ዕቃው አይመለስም። ትክክለኛውን መጠን በቀመር ላገኝላቸው አልቻልኩም፤ እሳቸው ግን በየሳምንቱ ዋጋውን እየለዋወጡ የተመለሰውን በደብተር እየመዘገቡ ናቸው።