ኦክሲጅንና የሳንባ ጠባሳ

መተንፈስ ለተሳነው በሽተኛ ኦክሲጅን መስጠት የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ነው። ፓራኳት የተባለው የአረም ማጥፊያ መርዝ ወደ ሆዱ የገባበት ሰው ሲመጣ ግን ሐኪሞች ኦክሲጅኑን ይሰስቱበታል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እጅግ ካልወረደ በቀር አይሰጡትም። ነገሩ ጭካኔ ይመስላል። ምክንያቱ ሲገለጥ ግን ስለ ጠባሳ ብዙዎቻችን የያዝነውን ሐሳብ የሚለውጥ ሆኖ ስላገኘነው፣ የሕግም ሆነ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆኑ ጓደኞቻችን ሊከተሉት በሚችሉት ቋንቋ ልናቀርበው አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓራኳት ለገበያ የወጣው በ1962 ነው። በ1966 መርዙን በስሕተት በጠጡ ሁለት ሰዎች ላይ የደረሰው ጉዳት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከዚያ ወዲህ ከደረሱት አደጋዎች አያሌዎቹ መርዙ ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ በመቀመጡ የመጡ ናቸው። በኋላ ሰማያዊ ቀለም፣ መጥፎ ሽታና የሚያስታውክ ነገር የተጨመረበትም ስለዚሁ ነው።

መርዙ በደም አማካይነት ወደ ብዙ የሰውነት ክፍሎች ይደርሳል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚሰበስበው ሳንባ ነው። የሳንባ ሴሎች ፖሊአሚን የተባሉትን ጠቃሚ ሞለኪውሎች ከደም የሚያስገቡበት በር አላቸው፤ ፓራኳትም በቅርጹ እነዚህን ስለሚመስል እንደ ቤተኛ በዚያው በር ይገባል። ከገባም በኋላ ከሴሉ አንድ ኤሌክትሮን ይወስድና ለኦክሲጅን ይሰጣል። ትርፍ ኤሌክትሮን የተሸከመው ኦክሲጅን ሱፐርኦክሳይድ ይባላል፤ ጠበኛ ነገር ነው። ፓራኳቱ ግን ሳይለወጥ ተመልሶ ሌላ ኤሌክትሮን ይወስዳል። እንዲህ እያለ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይውላል። በዚህ ጊዜ ኦክሲጅን መጨመር ለሸማኔው ማግ እንደ ማቀበል ነው።

ሰውነት ለዚህ ጠላት ጠባቂ የለውም ማለት አይደለም። ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉት ሳይንቲስቶች በ1969 እንዳሳወቁት፣ በሴል ውስጥ ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚለውጥ ኤንዛይም አለ፤ ሌሎች ኤንዛይሞች ደግሞ ያንን ወደ ውሃ ይለውጡታል። የሚመረተው ከጠባቂዎቹ አቅም በላይ ሲሆን ግን ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ የተባለው ነገር ይመጣል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኦክሲጅን ጫና እንለዋለን።

ነገሩ ቃጠሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለፈ ሰው በዳነ ነበር። ነገር ግን ከእነዚያ ቀናት ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ በሚከተሉት ሳምንታት ይሞታሉ፤ የሚገድላቸውም ጠባሳ ነው። እንደ ስፖንጅ ሊለጠጥ የሚገባው ሳንባ ይደነድናል፣ አየርም አያሳልፍም። ገዳዩ እንግዲህ መርዙ ያደረሰው ቁስል ብቻ ሳይሆን ቁስሉን ለመጠገን የተነሣው ሥራ ጭምር ነው።

ጣታችንን ቢላ ሲቆርጠን ፋይብሮብላስት የተባሉ ሴሎች ወደ ቁስሉ ይመጣሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጋቢያኒና ባልደረቦቹ በ1971 ወዳሳዩት ዓይነት ሴል ይለወጣሉ፤ ይህ ዓይነቱ እንደ ጡንቻ እየተኮማተረ የቁስሉን ከንፈር ያቀራርባል፣ ኮላጅን የተባለውንም ጠንካራ ክር በብዛት ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጣታችንም ቀጭን መስመር ይዞ ይድናል። በደነደነ ሳንባ ውስጥ ግን ሴሎቹ ሥራቸውን አያቆሙም። ለምን?

አንዱ መልስ ከኦክሲጅኑ ዘንድ ይገኛል። ቲጂኤፍ ቤታ የተባለው ዋናው የጠባሳ መልእክተኛ በሕዋሳት መካከል ሰገባ ውስጥ እንደ ገባ ሰይፍ ተቀምጦ ይኖራል። በ1996 የታተመ የላብራቶሪ ሥራ እንዳሳየው የኦክሲጅን ጫና ይህን ሰገባ ይከፍተዋል። የተፈታው መልእክተኛ ፋይብሮብላስቱን ሲነካው፣ ሴሉ በተራው ኖክስ 4 የተባለ ኤንዛይም ይሠራል፤ የዚህም ኤንዛይም ሥራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማምረት ነው! በ2009 በአይጦች ላይ እንደ ታየው ኖክስ 4 ሲታገድ የሳንባው ጠባሳ ይቀንሳል። እንግዲህ እሳቱ ግንበኛውን ይጠራል፣ ግንበኛውም እየገነባ እሳት ያነዳል። በአልኮል በሚደነድን ጉበት ውስጥም፣ ሴሎቹ ሌሎች ቢሆኑም፣ ተመሳሳይ ዙር አለ።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያውኑ «ታዲያ የኦክሲጅንን ጫና የሚያበርድ ክኒን ለምን አይዋጥም?» ይላል። የቫይታሚን ነጋዴዎችም ይህንኑ ይሉናል። ሙከራው ግን ተደርጓል። መንሥኤው በማይታወቅ የሳንባ መደንደን ለሚሠቃዩ ሰዎች አሲቲልሲስቲን የተባለው መድኃኒት ተሰጥቶ፣ በ2014 የወጣው ውጤት የሳንባቸውን አቅም ከባዶ ክኒን የተሻለ እንዳልጠበቀ አሳየ። በ2010 ደግሞ ቫይታሚን ኢ በስብ የተጎዳ ጉበትን ብግነት ሲያሻሽል፣ ጠባሳውን ግን ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰውም። እንደ እኛ አስተያየት ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መርዝ ብቻ አይደለም፤ ሴሎች የሚነጋገሩበት ቃልም ነው። ቃሉ የሚነገረው በሴሉ ውስጥ በአንድ ጠባብ ሥፍራ ሲሆን፣ ክኒኑ ግን በመላው ሰውነት ተበትኖ ነው የሚደርሰው።

የተሻለ ተስፋ የሚታየው መነሻውን በማስወገድ ነው። አልኮል የተወ ሰው ጉበት፣ ሄፓታይተስ ሲ የዳነለትም ሰው ጉበት፣ ከጠባሳው ከፊሉን ሲያራግፍ ታይቷል።

ለፓራኳት ማርከሻ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2007 ፈቃዱን ሰርዞታል፤ ደቡብ ኮርያም በ2012 ሽያጩን ከከለከለች ወዲህ በዚህ መርዝ የሚሞተው ሰው ቁጥር በጣም ቀንሷል።