ባለሜዳው ሕዝብ የት አለ?



ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ለአጎቴ የሐረና ማር በቅል ይዤ ከጎባ እንደ መጣሁ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ተገኘሁ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩን፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆንን። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ረታን። ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል ማሩ በጎረቤቴ ካፖርት ላይ ፈስሶ ኖሯል፤ ሰውየው ግን አቀፈኝ እንጂ አልተቆጣም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፍን። ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ነገር ግን በአገር ውስጥ ብቁ ስታዲዮም ስላልተገኘ ጨዋታው የተደረገው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ሮቤ ሆነን በቴሌቪዥን ስናይ የልጅ ልጄ፣ «አባባ፣ ባለሜዳ ከሆንን ሕዝባችን የት አለ?» አለኝ።

ለሚመለከተው ክፍል የማቀርበው ጥያቄ ይኸው የልጁ ነው።

ጡረተኛ ጸሐፊ፣ ከሮቤ