ከአያት ፊት ወደ ልጅ ልጅ ፊት፦ የቤተሰብ ፎቶን ለጊፋታ ማሻገር

ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው የቤተሰብ አልበም በዓመት ስንት ጊዜ ይወርዳል? በብዙ ቤት ምናልባት አንዴ፣ ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብ። በወላይታ ይህ ቀን ጊፋታ ነው። በመስከረም ሥራና ትምህርት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ውጭ አገር የበተናቸው ልጆች ወደ ሶዶ፣ ወደ ቦዲቲና ወደ አረካ ይመለሳሉ። አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታዲያ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ይሄኛው ደግሞ ማነው?» መልሱን የሚያውቁት አያት ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ ፎቶው ቢቀርም ስሙ አብሯቸው ይሄዳል።

ጊፋታ ከአሮጌው ዘመን ወደ አዲሱ መሸጋገሪያ በዓል ነው። በፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ምስልም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው። የአያት ፊት ቀስ እያለ ይደበዝዝና በስፍራው የልጅ ልጁ ፊት ይወጣል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ፊልም ሳይፈጠር በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ሁለት የምስል ፋኖሶችን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው የአንዱን ብርሃን እየቀነሱ የሌላውን እየጨመሩ ለተመልካች ያሳዩ ነበር። ዛሬ ይህን ለመሥራት አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

መጀመሪያ ፎቶውን ማዳን

ስካነር ካለ ፎቶውን በ300 ዲፒአይ፣ ጉርድ ፎቶ ከሆነ በ600 ስካን ያድርጉ። ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ ፎቶውን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ ፍላሽ አጥፍተው፣ ስልኩን ሳያዘነብሉ ከላይ ያንሱ። አልበሙ ላይ የተጣበቀ አሮጌ ፎቶ በግድ አይላቀቅም፤ እዚያው እንዳለ ይነሳ። የፎቶውን ጀርባ ማንሳትም አይርሱ። ቀኑ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ስሙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ሁለቱን ፎቶዎች ማገጣጠም

የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ሁለቱ ምስሎች ካልተገጣጠሙ ሽግግሩ ዝብርቅርቅ ይላል። በፎቶሾፕም ሆነ በነፃ በሚገኘው ጂምፕ ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ፋይል ውስጥ በሁለት ሌየር ያስቀምጡ፤ አሮጌው ከታች፣ አዲሱ ከላይ። የላይኛውን ኦፓሲቲ ወደ 50 በመቶ ዝቅ ሲያደርጉ ሁለቱም ይታያሉ። ከዚያ የላይኛውን እያሳነሱና እያንቀሳቀሱ ዓይንን ከዓይን ጋር ያጋጥሙ።

ፎቶው ደጅ የተነሳ ከሆነ የማይንቀሳቀስ ነገር ይፈልጉ። ሶዶ የምትገኘው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ከዓመታት በፊት ዳሞታን ከጀርባ አድርጎ የተነሳ ፎቶ ካለ፣ ልጆቹን በዚያው አቅጣጫ አቁመው ያንሱና የተራራውን ጫፍ ከተራራው ጫፍ ጋር ያስተካክሉ። ተራራው ባለበት ይቆማል፤ ከተማውና ሰዉ ይለወጣል።

ማንቀሳቀስ

በፎቶሾፕ ታይምላይንን ከፍተው ፍሬም አኒሜሽንን ይምረጡ። በመጀመሪያው ፍሬም የላይኛው ሌየር ኦፓሲቲ 0፣ በሁለተኛው 100 ይሁን። የታችኛው በሁለቱም 100 እንደሆነ ይቆይ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ካደበዘዙ ምስሉ መሃል ላይ ይሳሳል። ቀጥሎ ትዊን በሚለው ትእዛዝ 10 ፍሬም መሃል ያስገቡ። ለእያንዳንዱ 0.1 ሰከንድ፣ ለሁለቱ ዋና ፎቶዎች ደግሞ ሁለት ሁለት ሰከንድ ይስጡ። በድምሩ አምስት ሰከንድ ይሆናል። በጂምፕ እያንዳንዱ ሌየር ራሱ አንድ ፍሬም ነው፤ በፊልተርስ ውስጥ አኒሜሽን ስር ያለው ብሌንድ የመሃሉን ደረጃ ይሠራል።

ሲያስቀምጡ ከሁለት ዓይነት ፋይል አንዱን ይመርጣሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂፍ በየትም ይከፈታል፤ ነገር ግን በአንድ ፍሬም ከ256 በላይ ቀለም አይዝም። የዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሮች ይህን ይችሉታል፤ የሰው ፊት ግን ነጠብጣብ ይወጣበታል። ለፊት ኤምፒ4 ቪዲዮ ይሻላል፤ በቴሌግራምም በቀላሉ ይላካል።

ሳይላክ በፊት

የሟች ፎቶ በድንገት ሲንቀሳቀስ ማየት ለአንዳንዱ መጽናኛ፣ ለአንዳንዱ የሐዘን መቀስቀሻ ነው። በተለይ ሐዘኑ ትኩስ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የልጆች ፎቶም በቤተሰብ ግሩፕ ቢቀር ይመረጣል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሟችን ሲያናግርና ሲያስቅ የሚያሳዩ መተግበሪያዎችም አሉ፤ እነሱ ያልነበረውን ይፈጥራሉ። በዚህ መንገድ የተሠራ ሽግግር ግን የሚያሳየው በእርግጥ የተነሱትን ሁለት ፎቶዎች ነው። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ሳይነኩ ለብቻ ያስቀምጡ።

በየቤቱ የተቀመጠ ፎቶ የአገር ታሪክም መሆኑን በአዲስ አበባ አይተናል። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገብየሁና ፊሊፕ ሹትስ ከከተማዋ ነዋሪዎች አልበም የሰበሰቧቸው ፎቶዎች በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ታትመዋል። የሶዶ አልበሞችም ሰብሳቢ ይፈልጋሉ፤ ሥራውን ከራስ ቤት መጀመር ይቻላል።

በጊፋታ አባወራው ለሰንጋው፣ እማወራዋ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። ዘንድሮ አንድ ሥራ ይጨመር። ወጣቶቹ ኮምፒዩተሩን ይያዙ፤ አያት አጠገባቸው ይቀመጡና ስም ይጥሩ። በፎቶው ያለው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳና የማን ልጅ እንደነበር ሲናገሩ አንዱ ልጅ በስልኩ ድምፃቸውን ይቅዳ፣ ሌላው ስሙን በፋይሉ ላይ ይጻፍ። አምስት ሰከንዷ ምስል ሰዉን ትሰበስባለች፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ግን በዚያ ሰዓት የተጻፈው ስም ነው።

ዮ ዮ ጊፋታ!