ስለ ዮጋ መምህርነት ትምህርትና ስለ ምስክር ወረቀቱ

ማናቸውም ወረቀት የሚመሰክረው በላዩ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው። ማኅተም ቢያርፍበት፣ ፊርማ ቢጨመርበት፣ በመስተዋት ተደርጎ በግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ከተጻፈበት ቃል አልፎ አንዲት ነገር አይናገርም። ይህ ነገር መዝገብ ሲያገላብጥ ለሚውል እንደ እኔ ላለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የዕለት ልማድ ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ስለ ክርክር ወረቀት አይደለም። በዚህ ዘመን በብዙ አገር ወጣቶችና ባለትዳሮች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ የዮጋ መምህር ለመሆን ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ሰጥተው ይማራሉ፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ልጃቸው ወይም ባለቤታቸው በዚህ አሳብ የተነሣችባቸው ሰዎች ወረቀቱ ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር አስቀድመው ቢያውቁ፣ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም፤ ነገ ከእርስዋ ዘንድ የሚማረውም ሰው ሰውነቱ አይጎዳም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዮጋ የሚለው ቃል የሕንድ አገር ጥንታዊ ቋንቋ ከሆነው ከሳንስክሪት የወጣ ነው። ሥሩ «ዩጅ» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ማያያዝ፣ በቀንበር መጥመድ ማለት ነው። ገበሬ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምዶ አንድ ትልም እንደሚያወጣባቸው፣ ዮጋም ሰውነትን፣ እስትንፋስንና አሳብን ባንድነት ጠምዶ በአንድ መንገድ የሚነዳ ሥርዓት ነው። ፓታንጃሊ የተባለው ሊቅ ጻፈው በሚባለው «ዮጋ ሱትራ» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ይህ ሥርዓት ሁለት መቶ በማይሞሉ አጫጭር አንቀጾች ውስጥ በስምንት ክፍል ተከፍሎ ተነግሯል። ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው የሰውነት አቋቋምና አቀማመጥ፣ «አሳና» የሚባለው፣ ከስምንቱ ክፍሎች ሦስተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰው ከሌላው ሰው ጋራ ስለሚኖርበት ጠባይ የሚናገር ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈው «አሂምሳ»፣ ማለት አለመጉዳት ነው። መምህር ለመሆን የሚያስብ ሁሉ ይህነን ቅደም ተከተል ልብ ይበለው፤ ስለ መታጠፍና ስለ መዘርጋት ከመነገሩ በፊት ስለ አለመጉዳት ተጽፏልና።

በቀድሞው ዘመን ለዚህ ትምህርት የሚሰጥ ወረቀት አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ዘንድ ተቀምጦ፣ መምህሩንም እያገለገለ፣ ብዙ ዓመት ይማር ነበር፤ እንዲያስተምር ሲፈቀድለትም የመምህሩ ቃል ምስክሩ ነበር። በእኛም አገር ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ሳያስመሰክር መምህር ነኝ እንደማይል፣ ድካሙም በወር የሚቈጠር እንዳልሆነ፣ የቤተ ክህነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

በ20ኛው መቶ ዓመት እጅግ ከታወቁት የዮጋ መምህራን አንዱ ክሪሽናማቻርያ (1888–1989) ነው። እርሱም በ1930ዎቹ ዓመታት በማይሶር ንጉሥ ቤተ መንግሥት ያስተምር ነበር። በዓለም ስማቸው የተጠራው አየንጋርና ፓታቢ ጆይስ ከእርሱ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ኢንድራ ዴቪ የተባለችው፣ በሪጋ ከተማ የተወለደችው ሴት፣ ተማሪው ልትሆን በለመነችው ጊዜ፣ ሴትም የውጭ አገር ሰውም በመሆንዋ እንቢ አላት፤ ንጉሡ ስለ እርስዋ ከተናገረ በኋላ ግን ተቀበላት፤ ጽናትዋንም ካየ በኋላ ራሱ እንድታስተምር አዘዛት። እርስዋም በ1947 በአሜሪካ በሆሊውድ የዮጋ ማስተማሪያ ቤት ከፈተች፤ 102 ዓመት ኖራም በ2002 ዐረፈች። የእርስዋ ምስክር በብዙ ትዕግሥት የተገኘ የመምህርዋ ቃል ነበር።

ትምህርቱ ከሕንድ ወጥቶ በዓለም በተዘራ ጊዜ ግን ተማሪው በዛ፤ መምህሩን የሚያውቀው ሰውም አነሰ። በዚህ ምክንያት የጽሑፍ ምስክር አስፈለገ። ስዋሚ ቪሽኑዴቫናንዳ የተባለው መነኵሴ በ1969 ለመምህራን የሚሆን፣ ጊዜው የተወሰነ ትምህርት ጀመረ። በ1999 ደግሞ በአሜሪካ ዮጋ አልያንስ የተባለ ማኅበር ተቋቁሞ፣ መምህር ለመባል ቢያንስ የ200 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል የሚለው ልክ በብዙ አገር ተለመደ። የሕንድም መንግሥት በ2014 ለባሕል ሕክምናና ለዮጋ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቆመ፤ በ2018ም የዮጋ ምስክር ወረቀት ቦርድ አቋቋመ። ይህም ቦርድ ደረጃዎቹን 200፣ 400፣ 800ና 1,600 ሰዓት ብሎ ከፍሏቸዋል። የእኛም ዋና ከተማ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም አላት፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባሕል ድርጅት ዮጋን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው በ2016 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ጉባኤ ነው። የገዳ ሥርዓት የኦሮሞ ሕዝብ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በዮጋ አልያንስ ሥርዓት ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ማኅበሩ ትምህርት ቤቱንና ተመራቂውን በመዝገብ ይጽፋል፤ ተመዝጋቢውም በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል። ማኅበሩ ተማሪዪቱን አስቀርቦ አልፈተናትም። የሕንድ መንግሥት ቦርድ ግን አመልካቹን በቃልና በተግባር ራሱ ያስፈትናል። በአየንጋር ስም የሚያስተምሩትም ወገኖች ተማሪውን በአንድ መምህር ሥር ለዓመታት ካለማመዱ በኋላ በብዙ ፈታኞች ፊት ያቀርቡታል። እንግዲህ ሦስቱም «ምስክር ወረቀት» ቢባሉም የሚመሰክሩት አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ስለ ተቈጠረ ሰዓት፣ አንዱ ስለ ፈተና፣ አንዱም ስለ ረጅም ልምምድ ይመሰክራል። ከነዚህም የትኛውም ቢሆን ሐኪም ወይም ጠበቃ እንደሚይዘው ያለ የመንግሥት የሥራ ፈቃድ አይደለም።

ሁለት መቶው ሰዓት እንዴት እንደሚከፋፈል ማወቅ ይጠቅማል። በዮጋ አልያንስ ደንብ መሠረት 75 ሰዓት ለልምምድና ለአሠራር ዘዴ፣ 30 ሰዓት ስለ ሰውነት ብልቶችና ስለ ሥራቸው፣ 30 ሰዓት ስለ ዮጋ ታሪክና ፍልስፍና፣ 50 ሰዓት ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ መምህር ጠባይ ይሰጣል፤ የቀረው 15 ሰዓት ለትምህርት ቤቱ ምርጫ የተተወ ነው። አንባቢ ሆይ፣ 30 ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ራስህ አስበው። የሰው አከርካሪ ብቻ 33 አጥንቶች አሉት፤ ከነዚህም 24ቱ የሚንቀሳቀሱ፣ የቀሩት የተጋጠሙ ናቸው። አጥንትን፣ ጅማትን፣ ልብንና ሳንባን ሁሉ በ30 ሰዓት የተማረ ሰው የደጁን መዝጊያ አገኘ እንጂ ቤቱን ገና አልዞረውም።

ብዙ ሰው ለዚህ ትምህርት የሚሄድባት ከተማ በሰሜን ሕንድ፣ በሂማልያ ተራራ ግርጌ፣ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ያለችው ሪሺኬሽ ናት። በዚያ ካሉት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ 200ውን ሰዓት በአንድ ወር ይጨርሱታል። ሂሳቡን ብንቈጥረው፣ 200 ሰዓት ለ25 የትምህርት ቀን ሲካፈል በቀን 8 ሰዓት ይደርሳል። ተማሪው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በእስትንፋስ ልምምድ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሰውነት ልምምድ፣ ከቍርስ በኋላ የፍልስፍናና የሰውነት ብልቶች ትምህርት፣ ከቀትር በኋላ የማስተማር ልምምድ፣ ማታ ደግሞ በዝምታ ተቀምጦ ማሰብ ይሆናል። ሰውነቱን ሳያለማምድ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ጡንቻው ይዝላል፤ የዛለ ሰውም ትምህርቱን በደንብ ሊሰማ አይችልም። ሌላው መንገድ በሚኖሩበት ከተማ በየሳምንቱ መጨረሻ እየተማሩ 200ውን ሰዓት በብዙ ወራት መጨረስ ነው። ልጆች ላሏት እናት ወይም ሥራ ለያዘ ሰው ይህ ይሻላል፤ ቤት አይፈታም፤ የተማሩትም ነገር እስኪዋሐድ ጊዜ ይገኛል። ከ2020 ወዲህ በኢንተርኔት መማርም ተፈቅዷል፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው አቋቋም በቅርብ ማየትና ማረም ከመስኮት ባነሰ መስተዋት ውስጥ በቀላሉ አይለመድም።

ስለዚህ ለትምህርቱ የሚዘጋጅ ሰው እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ ቢያደርግ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ከመመዝገቡ በፊት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በአንድ ጥሩ መምህር ዘንድ ይለማመድ። እንደ ተራራ ጸንቶ መቆም የሚሉትን «ታዳሳና»፣ እንደ ዛፍ በአንድ እግር መቆም የሚሉትን «ቭሪክሻሳና»፣ በመጨረሻም እንደ በድን ተጋድሞ ማረፍን፣ «ሻቫሳና»ን፣ በራሱ ሰውነት ይወቅ። ራሱ ያልደከመበትን ነገር ለሌላው ሊያስረዳ አይችልምና።

ሁለተኛ፣ ስሞቹን ቀስ ብሎ ይልመድ። የሳንስክሪት ቃል ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ለእኛ ሰው የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለው፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጻፍበት ፊደል እንደ ፊደላችን ድምፁን በተነባቢው ላይ ቀጥሎ የሚጽፍ ነው። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ የቈጠረ ልጅ ይህን ሥርዓት በቶሎ ይረዳዋል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ። ዋናዎቹ መምህራን እነማን ናቸው? ስንት ዓመት አስተምረዋል? የሰውነትን ብልቶች የሚያስተምረው ሰው ምን የተማረ ነው? አንዱ መምህር ስንት ተማሪዎች ይይዛል? ተማሪው ባይበቃ በጊዜው ተነግሮት እንደገና ይፈተናል ወይስ የከፈለ ሁሉ ይመረቃል? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመታወቂያ ሥዕሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያስረዳል።

አራተኛ፣ ባልና ሚስት ወይም ወላጅና ልጅ አንድነት ተቀምጠው ወጪውን በወረቀት ይጻፉ። የትምህርቱ ዋጋ ብቻውን ወጪ አይደለም፤ የጕዞ፣ የምግብ፣ የማደሪያ፣ ሥራ የተፈታበት ወር ደመወዝ፣ በኋላም የመመዝገቢያና የመድን ዋስትና ገንዘብ አለ። ገቢውንም አያጋንኑት፤ ብዙዎች የዮጋ መምህራን ባስተማሩት ክፍለ ጊዜ ልክ እንጂ በወር ደመወዝ አይከፈላቸውም። ስለዚህ ወረቀቱ በተገኘ ማግሥት የቀድሞውን እንጀራ መተው አይገባም።

አምስተኛ፣ የሃይማኖትን ነገር አስቀድሞ ይመርምር። ዮጋ የበቀለው በሕንድ አገር ሃይማኖትና ፍልስፍና ውስጥ ነው፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ጸሎትና የአማልክት ስም የሚጠራበት ዜማ የትምህርቱ ክፍል ነው፤ በሌላው ደግሞ የሰውነትና የእስትንፋስ ልምምድ ብቻ ይሰጣል። ሁለቱም እንዳሉ ካወቀ፣ እያንዳንዱ ሰው ኅሊናው የሚፈቅድለትን ከመመዝገቡ በፊት ይመርጣል፤ ከገባ በኋላ ከመከራከርም ይድናል።

በትምህርቱ ፍጻሜ ተማሪዪቱ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ፈተና ትወስዳለች፤ በጓደኞችዋም ፊት አንድ ሙሉ ክፍል ታስተምራለች። እውነተኛው ፈተና ግን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በፈተናው ቀን በፊትዋ የተቀመጡት አንድ ወር ሙሉ አብረዋት የተለማመዱ ጤነኞች ናቸው። ከወረቀቱ በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚመጡት ግን ሌሎች ናቸው፤ የደም ግፊት ያለባቸው እናት፣ አምስት ወር የሆናት ነፍሰ ጡር፣ ጕልበቱን የታመመ ጐልማሳ፣ ግላውኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ። ራስን ወደ ታች ዘቅዝቆ መቆየት በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ለሽማግሌው አይገባም፤ ነፍሰ ጡሯ በሆድዋ አትተኛም፤ በራስ ቅል መቆም ክብደቱን በሰባቱ የአንገት አጥንቶች ላይ ስለሚያወርድ ለጀማሪ አይታዘዝም። መልካም መምህርት ከማስጀመርዋ በፊት ስለ ሕመማቸው በእርጋታ ትጠይቃለች፤ ሐኪም የከለከለውን አትፈቅድም፤ ሳታስፈቅድም የሰው ሰውነት አትነካም። አየንጋር በልጅነቱ በብዙ በሽታ የተሠቃየ ሰው ስለ ነበረ፣ ደካሞችም እንዲማሩ ብሎ የእንጨት ጡብ፣ መቀነትና የታጠፈ ብርድ ልብስ መደገፊያ እንዲሆን አስለምዷል። ይህም ትምህርቱን ለሰው ማስማማት እንጂ ሰውን ለትምህርቱ መስበር እንደማይገባ ያሳያል።

ደግሞ ወረቀቱ የመጨረሻ አይደለም። ያው ዮጋ አልያንስ በመዝገቡ የጻፋቸው መምህራን በየ3 ዓመቱ 45 ሰዓት ማስተማራቸውንና 30 ሰዓት መማራቸውን እንዲያሳውቁ ያዛል። ለነፍሰ ጡሮች ለማስተማር ተጨማሪ 85 ሰዓት፣ ለልጆች ለማስተማር ተጨማሪ 95 ሰዓት የሚሆን ትምህርት አለ። ሁለት መቶ ሰዓት የተማረ ሰው ይህነን አልፎ ለሁሉ አስተምራለሁ ቢል ወረቀቱ አይመሰክርለትም።

እንግዲህ ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ በዚህ አሳብ ብትነሣ፣ ነገሩን በመናቅ አትከልክሏት፤ በመቸኰልም አትላኳት። አንድ ዓመት ትለማመድ፤ ትምህርት ቤቱን ትመርምር፤ ወጪው በቤት ውስጥ በግልጽ ይቈጠር። ወረቀቱን ይዛ በተመለሰች ጊዜም ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ለጥቂት ወራት በቀድሞው መምህርዋ አጠገብ ቆማ እየረዳች ታስተምር። ወረቀቱ ሁለት መቶ ሰዓት መማርዋን ይመሰክርላታል፤ መምህር መሆንዋን የሚመሰክሩላት ግን ታመው መጥተው ሳይጎዱ የሚመለሱት ተማሪዎችዋ ናቸው።