ሬዲዮው ለምን ድንገት ይጠፋል?

ዜና ሲጀመር ሬዲዮው ጭጭ ይላል። መታ ሲያደርጉት ይናገራል፤ ወዲያው ይጠፋል። «ድንጋዩ አልቋል» ብለን አዲስ ለመግዛት አንቸኩል። ብር ነው!

መጀመሪያ ክዳኑን ከፍተን የባትሪ ድንጋዩን ቤት እንይ። ያረጀ ድንጋይ ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲነካው ሽቦው ይዝጋል። በዝገት ላይ ኤሌክትሪክ በደንብ አያልፍም። ሬዲዮው ሲመታ የሚናገረው ሽቦውና ድንጋዩ ለጊዜው ስለሚነካኩ ነው። ዝገቱን በደረቅ ጨርቅ እንጥረገው፤ እምቢ ካለ በቀስታ እንፋቀው። ውሃው ቆዳ ያቃጥላል። ሕፃናት አይንኩት፤ እኛም እጃችንን እንታጠብ።

ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትስ? ሬዲዮውን ለጥቂት ጊዜ ያናግረዋል፤ ግን ውሃውን ቶሎ ያስወጣዋል። እሳት ዳር ከሆነማ ሊፈነዳ ይችላል።

አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ አራቱ ሲደረደሩ 6 ይሆናሉ። አንዱ ቢደክም ኃይሉ ይጎድላል፣ ሬዲዮውም ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌና አዲስ አንቀላቅል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይቀየሩ።